ፕሪንተሩ «ኦፍላይን» ሲል የሚሠሩ ስህተቶች

«ኦፍላይን» የሚል ጽሑፍ ስታዩ ፕሪንተሩ ተበላሸ ብላችሁ አትደምድሙ። አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ፈልጎ አጣው ማለት ነው፣ አለቀ። ሰነዱ ከላፕቶፑ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ፕሪንተሩ ነው የሚሄደው። መስመሩ የት ጋ እንደተቆረጠ ሳያጣሩ እጅ የደረሰበትን ሁሉ መነካካት ነው ግማሽ ቀን የሚበላው።

ቀዳሚው ስህተት ድራይቨር አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደዚህ ነው። ድራይቨር ሰነዱን ፕሪንተሩ በሚገባው መልክ ያዘጋጃል እንጂ የተቆረጠ ዋይፋይ አይቀጥልም፤ መስመሩ ከሌለ አዲሱም ድራይቨር ፕሪንተሩን አያገኘውም። ከዚያ ይልቅ ፕሪንተሩ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ የኔትወርክ መረጃውን የያዘውን ገጽ አትሙ (ለዚህ ኮምፒውተር አያስፈልግም)፣ ከዚያ አይፒ አድራሻ የሚለውን (ፕሪንተሩ ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ፈልጉ። ብዙ የቤት ራውተሮች በ192.168 የሚጀምር ቁጥር ነው የሚሰጡት። በ169.254 የሚጀምር ካያችሁ ግን ፕሪንተሩ ከራውተሩ አድራሻ ሲያጣ ለራሱ ቁጥር ሰጥቷል ማለት ነው፤ ላፕቶፑን ተዉት፣ ችግሩ ያለው ፕሪንተሩና ራውተሩ መካከል ነው። ቁጥሩ ደህና ከሆነ ያንኑ ቁጥር ላፕቶፑ ላይ ብራውዘር ከፍታችሁ ጻፉትና ኢንተር በሉ። አብዛኞቹ የኔትወርክ ፕሪንተሮች የራሳቸው የሴቲንግ ገጽ አላቸው። ገጹ ከተከፈተ መስመሩ ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱን ኮምፒውተሩ ውስጥ ፈልጉ። ይቺን ሙከራ የዘለለ ሰው የቀረውን ሁሉ በግምት ነው የሚሠራው።

«ሁሉም ዋይፋይ ላይ ናቸው እኮ» ብሎ ማለፍም አለ። የቱ ዋይፋይ ላይ? ለእንግዳ ተብሎ የተከፈተው ዋይፋይ ኢንተርኔት ይሰጣል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ያለ ላፕቶፕ ቤት ውስጥ ያሉትን ሌሎች ዕቃዎች እንዳያይ ሆን ተብሎ የታጠረ ነው። ቪዲዮ ያለ ችግር እያያችሁ ፕሪንተሩን ልታጡት ትችላላችሁ። ሌላው ደግሞ ብዙ የቤት ፕሪንተሮች፣ በተለይ ቆየት ያሉት፣ የሚያውቁት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው፤ የ5 ጊጋኸርዙ ስም ዝርዝራቸው ውስጥ አይመጣም። ይህን የሰማ ሰው ላፕቶፑንም ወደ 2.4 ማውረድ አለብኝ ብሎ ያስባል። አያስፈልግም። አንድ ኔትወርክ ላይ እስከሆኑ ድረስ ላፕቶፑ በ5፣ ፕሪንተሩ በ2.4 ሆነው ይግባባሉ።

ራውተር ወይም ፓስወርድ ቀይሮ ፕሪንተሩን መርሳት። እሱ አሁንም የድሮውን ስም እየፈለገ ነው። አዲስ ራውተር ከሆነ አቋራጩ ለአዲሱ ራውተር የድሮውን የዋይፋይ ስምና ፓስወርድ መስጠት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሁሉም ዕቃ በራሱ ይገባል።

«ትናንት ይሠራ ነበር» የሚባለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአድራሻ ለውጥ ነው። ራውተሩ አይፒ የሚሰጠው በውሰት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወይም ራውተሩ ሪስታርት ሲደረግ ፕሪንተሩ ሌላ ቁጥር ሊደርሰው ይችላል፣ ኮምፒውተሩ ግን ቤት የቀየረ ሰው ደጅ እንደሚያንኳኳ ሰነዱን ወደ ድሮው ቁጥር መላኩን ይቀጥላል። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ከጭንቅላት ያመነጩትን ቁጥር ፕሪንተሩ ላይ በእጅ መሙላት ነው፤ ራውተሩ ያንኑ ቁጥር ለስልክ ሰጥቶት ከሆነ ሁለቱ ይጋጩና ከድጡ ወደ ማጡ ትገባላችሁ። ትክክለኛው ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ለፕሪንተሩ ቋሚ አድራሻ ማስያዝ ነው።

ፕሪንት የሚለውን ደጋግሞ መጫን! በፍጹም። ወረፋው ላይ ፊት ያለው ፋይል ከተቀረቀረ የኋላው ፍንክች አይልም፣ ሲፈታ ደግሞ ያንኑ ገጽ ደጋግሞ ይተፋላችኋል። ወረፋውን ከፍታችሁ ሰርዙ። አልሰረዝም ካለ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ላይበቃ ይችላል፣ ፋይሉ ዲስክ ላይ ተቀምጧልና። ዊንዶውስ ላይ «ሰርቪስስ» ውስጥ «ፕሪንት ስፑለር» የሚለውን (ወረፋውን የሚያስተናግደውን) አቁሙ፣ «ስፑል» ፎልደር ውስጥ ያለውን «ፕሪንተርስ» ባዶ አድርጉ፣ ከዚያ ስፑለሩን መልሳችሁ አስነሱ።

ቪፒኤን (ኢንተርኔታችሁን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ ፕሮግራም) በርቶ እንደሆነም አጥፍታችሁ ሞክሩ፣ አንዳንዱ የቤቱን ኔትወርክ ጭራሽ ይደብቃል። የፕሪንተር ዝርዝሩ ላይ አንዱ ፕሪንተር ሁለት ቦታ ተመዝግቦ ካያችሁ ደግሞ ሰነዱን ወደ ሞተው እየላካችሁ ይሆናል።

ፋብሪካ ሪሴትን ለመጨረሻ አቆዩት፣ የዋይፋዩን መረጃ ጨምሮ የተቀመጠውን ሴቲንግ ያጠፋል። ሰነዱ አጣዳፊ ከሆነ በዩኤስቢ ገመድ ሰክታችሁ አትሙ፣ ወደ ኔትወርኩ በኋላ ተረጋግታችሁ ትመለሱበታላችሁ።