አማርኛን በአሜሪካ ለማስተማር የሚሄድ ረዳት መምህር ከጉዞው በፊት ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ በሚሰጠው የፉልብራይት የውጭ ቋንቋ ረዳት መምህራን ፕሮግራም ወይም ይህን በመሰለ የልውውጥ መርሐ ግብር ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ መምህር ከተመረጠበት ቀን ጀምሮ ሐሳቡ ሁሉ በቪዛው፣ በትኬቱና በሻንጣው ይያዛል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ ዲግሪ የማያስገኝ፣ የአንድ የትምህርት ዓመት ቆይታ ያለው፣ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት የሚደርስ የማስተማር ወይም የማገዝ ሥራ የሚጠይቅና ከዚሁ ጎን ለጎን በየሴሚስተሩ ቢያንስ ሁለት ኮርስ የሚያስወስድ ስለሆነ፣ ለጉዞው ብቻ የተዘጋጀ ሰው ክፍል ውስጥ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ይቸገራል። ስለዚህ ከክፍሉ እጀምራለሁ፤ ወረቀቱንና ገንዘቡን በኋላ እመለስበታለሁ።

አፍ የፈቱበትን ቋንቋ ማስተማር ቀላል ነው ብሎ ማሰብ

በእኔ እምነት ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው። አማርኛን በሚገባ የሚናገር፣ ምናልባትም በአገር ቤት እንግሊዝኛ ሲያስተምር የኖረ መምህር፣ ስለ ራሱ ቋንቋ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለም። አሜሪካዊው ተማሪ ግን ይጠይቃል። ‹ሰበረ› እና ‹ፈለገ› ሲባሉ የሁለቱም መካከለኛ ድምፅ ይጠብቃል፤ ‹ይሰብራል› ሲባል ግን ‹ብ› ይላላል፣ ‹ይፈልጋል› ሲባል ደግሞ ‹ል› እንደጠበቀ ይቀራል። ተማሪው ይህን ልዩነት በሁለተኛው ወር ሰምቶ ምክንያቱን ሲጠይቅ ‹‹እንዲሁ ነው የሚባለው›› የሚል መልስ አያረካውም። ግሶች ድምፆቻቸውን በሚያጠብቁበትና በሚያላሉበት ሁኔታ በዓይነት እንደሚከፈሉ፣ ‹ባረከ› እና መሰሎቹም ሌላ ዓይነት እንደሆኑ ረዳት መምህሩ አስቀድሞ ሊያውቅና በምሳሌ ሊያሳይ ይገባል። ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን በምልክት ስለማያሳይ ችግሩ በንባብም ይከተላል፤ ‹ገና› የሚለው ጽሑፍ በዓሉን ይሁን ጊዜን እንደሚያመለክት ተማሪው የሚያውቀው ከዐረፍተ ነገሩ ብቻ ነውና፣ መምህሩ ቃላትን ሲያስተዋውቅ ሁልጊዜ እያሰማ ማስተዋወቅ አለበት።

ከመሄድዎ በፊት ባሉት ወራት አንድ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ያንብቡ፤ በየምዕራፉም አንድ የውጭ ሰው ሊጠይቅ የሚችለውን ጥያቄ ጽፈው ለራስዎ መልስ ይስጡ። ይህ ማንኛውም የሥልጠና ሰነድ የማይተካው ዝግጅት ነው።

የተማሪውን ፍጥነት በአገር ቤት ሚዛን መለካት

የአሜሪካ መንግሥት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው አማርኛን ለሥራ በሚበቃ ደረጃ ለማወቅ ወደ 44 ሳምንት ወይም 1,100 የክፍል ሰዓት እንደሚያስፈልገው ይገምታል። በሳምንት አራት ሰዓት በሚሰጥ የዩኒቨርሲቲ ኮርስ በ30 ሳምንት የሚገኘው 120 ሰዓት ብቻ ነው፤ የዚያ ዘጠነኛ እጅ መሆኑ ነው። ስለዚህ በዓመቱ መጨረሻ ተማሪው ስለ ራሱና ስለ ቤተሰቡ መናገር፣ ገበያ ላይ መግዛትና አጭር ጽሑፍ ማንበብ ከቻለ ሥራው ተሳክቷል። ይህን የማያውቅ መምህር በኅዳር ወር ተስፋ ይቆርጣል፤ ወይም፣ ይበልጥ የሚጎዳው፣ ተማሪዎቹን ተስፋ ያስቆርጣል።

የሕፃናት መማሪያ ይዞ መሄድ

ሻንጣ ውስጥ በመጀመሪያ የሚገባው የፊደል ገበታና የአንደኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ ነው። ሁለቱም የተሰናዱት ቋንቋውን ቀድሞ ለሚናገር ልጅ ነው። ቋንቋውን ያልሰማ የ19 ዓመት ተማሪ ከሀ እስከ ፐ 231 ፊደላትን በሁለት ሳምንት እንዲያጠና ቢታዘዝ ከኮርሱ ይወጣል። ፊደሉን በሚያውቃቸው ቃላት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ማስተማር ይሻላል። ሊሸከሟቸው የሚገቡ ሌሎች ቁሳቁሶች አሉ፦ የታክሲ ታርጋና የሱቅ ማስታወቂያ ፎቶዎች፣ የምግብ ቤት ዝርዝር፣ የሠርግ ጥሪ ወረቀት፣ ተራ ሰዎች በመንገድ ላይ ሲነጋገሩ በፈቃዳቸው የተቀረጸ ድምፅ። እነዚህን ከአገር ሳይወጡ ማሰባሰብ ቀላል ነው፤ ከወጡ በኋላ ግን በልመና የሚገኙ ናቸው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ የቴክኒክ ጉዳይ አለ። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደላትን ወደሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ የገባ ቢሆንም፣ በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ የቆዩ ብዙ ጽሑፎች አሁንም በፓወር ግዕዝና በመሰል የቆዩ ፎንቶች የተተየቡ ናቸው። እነዚህ ፋይሎች በዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ሲከፈቱ የሚታየው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ለማስተማሪያ የሚሆነውን ሁሉ በዩኒኮድ እንደገና ይተይቡት ወይም ወደ ፒዲኤፍ ይቀይሩት፤ ስልክና ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ኪቦርድ እንዴት እንደሚጫንም ለተማሪዎቹ ማሳየት እንዲችሉ አስቀድመው ይለማመዱት።

ተማሪዎቹ ሁሉ ፈረንጆች ናቸው ብሎ መጠበቅ

አማርኛ እንደ ሃርቫርድና ሃዋርድ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ የቆየ ትምህርት ነው። ክፍሉ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ የሚያጠና አሜሪካዊ ቢኖርም፣ ከአጠገቡ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ በዋሽንግተን አጠገብ ባለችው በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በሎስ አንጀለስ የተወለደ የኢትዮጵያውያን ልጅ ነው። ይህ ልጅ የሚባለውን ይሰማል፣ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፣ ማንበብ ግን አይችልም። አማርኛን የሰማው ከእናቱ አፍ ስለሆነና የተባለውም ‹ና›፣ ‹ብላ›፣ ‹ተኛ› ስለሆነ፣ እንግዳ ሆነው ለመጡ አዛውንት ‹‹ብላ›› ቢል የሥርዓት ጉድለት አይደለም፤ ‹‹ይብሉ›› ሲባል የሰማበት አጋጣሚ አነስተኛ ነው። በእሱ ላይ መሳቅ ወይም ‹‹አንተ እኮ የኛ ልጅ ነህ፣ እንዴት ይህ ይጠፋሃል?›› ማለት በቋንቋው እንዲያፍር ያደርገዋል። ቤተሰቡ አማርኛን ከኦሮምኛ፣ ከትግርኛ ወይም ከጉራጊኛ ቀጥሎ የሚናገር ሊሆንም ይችላል፤ ወላጆቹ ከኤርትራ የመጡ ተማሪም ያጋጥማል። ማንነቱን እሱ እስኪነግርዎ ይጠብቁ እንጂ በስሙ አይገምቱ።

የእነዚህ ተማሪዎች መኖር አገር ቤት ያልለመድነውን ሌላ ጥንቃቄ ያስከትላል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ወደ ረዳት መምህሩ ቀርበው ‹‹ልጄ እንዴት ነው? ይማርልሃል ወይ?›› ብለው ይጠይቃሉ። በእኛ ባህል ለእናት መልስ መንፈግ ነውር ነው። በአሜሪካ ግን በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣ የፌዴራል ሕግ የዩኒቨርሲቲ ተማሪን ውጤትና የትምህርት መረጃ ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠትን ይገድባል፤ ወላጅ መሆን ብቻውን በር አይከፍትም፣ ልዩ ሁኔታ ካለም የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው እንጂ ረዳት መምህሩ አይደለም። ‹‹እማማ፣ ስለ ትምህርቱ እሱ ራሱ ቢነግርዎ ይሻላል፤ ሕጉ ለእኔ አይፈቅድልኝም›› የሚል አክብሮት ያለው መልስ አስቀድሞ ማሰናዳት ብልህነት ነው።

ስምና ቀን እስከ መጨረሻው ሰዓት አለማመሳከር

በፓስፖርት፣ በዲግሪና በዩኒቨርሲቲው ጥሪ ላይ ያለው የላቲን አጻጻፍ አንድ ካልሆነ፣ አንዲት ፊደል እንኳ ሥራ ታስረዝማለች። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው፤ ከዘመን መለወጫ እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ የተወለደ ሰው ዓመቱን ሲቀይር ሰባት፣ ከዚያ በኋላ የተወለደ ስምንት መደመር አለበት፤ ቀኑና ወሩም አብረው ይለወጣሉ። ጄ 1 ለተባለው የልውውጥ ጎብኚዎች ቪዛ መሠረት የሆነው ዲኤስ 2019 የተባለው ቅጽ ሲደርስ በላዩ ያለው ሁሉ ከፓስፖርቱ ጋር መመሳከር አለበት፤ ስህተት ካለም ከኤምባሲው ቀጠሮ በፊት እንዲታረም መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ቅጽ በጉዞ ላይ በእጅ ሻንጣ እንጂ ተጭኖ በሚሄድ ሻንጣ አይቀመጥም፤ የድንበር መኮንኑ ይጠይቀዋልና። ፕሮግራሙ ከሚጀመርበት ቀን ከ30 ቀን በላይ ቀድሞ መግባት እንደማይቻልም ትኬት ሲቆረጥ ማስታወስ ተገቢ ነው።

የመጀመሪያውን ክፍያ በመተማመን መሄድ

የወር አበሉ እንደ ደረሱ ኪስ አይገባም። ባንክ መክፈት፣ ከገቡ ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ ሶሻል ሴኩሪቲ ለተባለው ለሥራና ለግብር የሚያገለግል መለያ ቁጥር ማመልከት፣ የክፍያ ወረቀት መሙላት ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፤ አከራይ ደግሞ ከመጀመሪያው ወር ኪራይ ጋር ማስያዣ ይጠይቃል። ለጉዞ ከባንክ የሚገኘውን የውጭ ምንዛሪ ቪዛው እንደወጣ መጠየቅ፣ ለአንድ ወር ተኩል ያህል ራስን የሚያስችል መያዝም ይመከራል።

ሻንጣውን በተመለከተ በርበሬውና ሽሮው አያሳስብም፤ የሚያሳስበው አለመናገር ነው። የያዙትን ምግብ ሁሉ ለጉምሩክ ይግለጹ፤ አለመግለጽ እስከ 10,000 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል። ቋንጣና ሌላ የሥጋ ውጤት ግን ይቅር። ጫትም በአሜሪካ የተከለከለ አደገኛ ዕፅ ነው፤ ለሌላ ሰው አደራ ተብሎ ቢሰጥም አይያዝ።

አገር ቤት ያለውን ጉዳይ ሳይቋጩ መሄድ

የኮንዶሚኒየም ክፍያ፣ የባንክ ሒሳብ ወይም የቤት ኪራይ ያለበት ሰው ከመሄዱ በፊት ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ለሚያምነው ሰው ውክልና ይስጥ፤ በውጭ አገር በኤምባሲ በኩል የሚሰጥ ውክልና አገር ቤት ደርሶ ሥራ ላይ እስኪውል ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል። መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ፈቃድም በቃል ሳይሆን በደብዳቤ፣ የመመለሻው ቀን ተጠቅሶ መሆን አለበት።

የቪዛውን ግዴታ ሳያነቡ መፈረም

በመንግሥት ገንዘብ በጄ 1 ቪዛ የሄደ ሰው ፕሮግራሙን ሲጨርስ አገሩ ተመልሶ በድምሩ ሁለት ዓመት እስኪኖር ድረስ፣ ግዴታው በሕግ ካልተነሣለት በስተቀር፣ አብዛኛውን የሥራ ቪዛ ወይም የነዋሪነት ፈቃድ ማግኘት አይችልም። ዘመድ ‹‹ሄደህ እዚያው ትቀራለህ›› ብሎ ቢመክር፣ ወይም ቅዳሜና እሑድ በፓርኪንግ ሥራ ተቀጠር ቢል፣ መካሪው ይህን ገደብ አያውቅም ማለት ነው፤ ከተፈቀደው ውጭ መሥራት ሕጋዊ ቆይታውን ያሳጣል። ግዴታው በቪዛው ወይም በዲኤስ 2019 ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ከመፈረም በፊት መነበብ አለበት፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ አሜሪካ ለመመለስ ያሰበ ሰውም በተማሪ ቪዛ ማመልከት ይችል እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ሥራ ለመያዝ ግን ሁለቱ ዓመታት እንደሚቆጠሩበት የፕሮግራሙን አስተባባሪ አስቀድሞ ይጠይቅ። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ለመውጣት የሚሰጠው ጊዜ 30 ቀን ስለሆነ፣ የመመለሻው ጉዞና የአገር ቤቱ ሥራ ከሚያዝያ ወር ጀምሮ መታሰብ ይኖርበታል።