«ይህን» እና «ዲዘን»፦ የጀርመንኛ አመልካች ቃላት ችግርና መፍትሄ

ጀርመን አገር ለመጡ የአገሬ ልጆች ቋንቋ ሳስጠና አንድ ስህተት ሁሌ ያጋጥመኛል። ከስም በፊት የሚገቡትን ፆታ አመልካቾች (አርቲክሎች)፣ ማለትም ዴር (ወንድ)፣ ዲ (ሴት)፣ ዳስን (ግዑዝ) ታውቃላችሁ ብዬ ልጀምር።

ችግር፦ ዳቦ ቤት ገብታችሁ «ይህን ኬክ እወስዳለሁ» ለማለት «ኢሽ ኔመ ዲዘር ኩኸን» ትላላችሁ። ሻጯ ይገባታል፣ ኬኩንም ትሰጣችኋለች። ማንም ስለማያርማችሁ ስህተቱ አብሯችሁ ይከርማል።

ምክንያት፦ ኩኸን ወንድ ፆታ ነው። ወንዱ ተሳቢ ሲሆን ዲዘር ወደ ዲዘን ይቀየራል። ሴቷ ዲዘ እና ግዑዙ ዲዘስ ግን ባሉበት ይቆያሉ። ስለዚህ ዲዘ ሚልሽ ብላችሁ ወተት፣ ዲዘስ ብሮት ብላችሁ ዳቦ ስትገዙ ልክ ናችሁ። ኬኩ ላይ ስትደርሱ ይበላሻል።

መፍትሄ፦ አማርኛችሁን አድምጡ። «ይህ ኬክ ይጣፍጣል» እንላለን። ስንገዛው ግን «ይህን ኬክ» ነው። ያቺ «ን» ስትመጣ ወንዱም «ን» ይይዛል፦ ይህን፣ ዲዘን። ስሙን ትታችሁ ብትጠቁሙም ያው ነው፦ «ዴን ኔመ ኢሽ»።

አንድ ጎበዝ ልጅ ያገለገለ የቤት ዕቃ ሊገዛ መልእክት ጻፈና አሳየኝ። ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ቁም ሣጥን፤ ቲሽ፣ ሽቱል፣ ሽራንክ። ሦስቱም ወንድ፣ ሦስቱም ተሳቢ፣ ሦስቱም ላይ ዲዘር! ቃላቱን ያጠናው አርቲክል ከሌለው ዝርዝር ነው። እባካችሁ እንዲህ ያለውን ዝርዝር ጣሉት። ፆታውን ካላወቃችሁ ምንም ዘዴ አያድናችሁም። ልጁን መጀመሪያ በአማርኛ በል አልኩት። «ይህን ጠረጴዛ፣ ይህን ወንበር...» ሲል ራሱ አረመው።

ተጠንቀቁ! ሄልፈን (መርዳት) እና ዳንከን (ማመስገን) ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም። እኛ «ይህን ሰው እረዳለሁ» እንላለን፤ እነሱ «ኢሽ ሄልፈ ዲዘም ማን» ይላሉ። ይህ ዳቲቭ ነው፤ «ለ» እንደምንለው ያለ ሌላ የስም ሙያ። ማመስገንም እንደዚያው። ሁለቱን በቃላችሁ ያዙ።

ችግር፦ ልጆቻችሁን ስታስተዋውቁ «እነዚህ ልጆቼ ናቸው» ለማለት «ዲዘ ዚንት ማይነ ኪንደር» ትላላችሁ። «እነዚህ» የሚለው አማርኛችን ነው የሚጎትተን። ሰው ስታስተዋውቁ ብዙም ቢሆኑ «ዳስ ዚንት» በሉ።

ችግር፦ «ከእነሱ ጋር» ለማለት «ሚት ዴን» ትላላችሁ። ስም ካልተከተለው «ሚት ዴነን» ነው።

ዬነርስ («ያ» ማለት ነው)? በንግግር ብዙም አትሰሙትም። «ዴር ዳ» ይበቃል።

አንድ ሌላ ማስጠንቀቂያ። አጠገባችሁ ያለን ሰው «ዲ» ወይም «ዴር» ብላችሁ አትጥሩ። ሰዋስዉ ልክ ቢሆንም እንደ ንቀት ይሰማል። አንዲት እናት ቢሮ ውስጥ ሠራተኛዋን እያሳዩ «ዲ ሃት ጌዛክት» ሲሉ የሴትዮዋ ፊት ሲለወጥ አይቻለሁ። እናትየው ግን «እሳቸው ናቸው ያሉት» ማለታቸው ነበር። «ፍራው» (ወይዘሮ) ብላችሁ የቤተሰብ ስማቸውን ጥሩ።