የነዳጅ ሞዴል አውሮፕላንን ወደ ባትሪ መቀየር፦ መጀመሪያ ሚዛን፣ ከዚያ መጋዝ

በሪሞት የሚበር የነዳጅ አውሮፕላን አላችሁ፣ ግን ዘይቱ፣ ጭሱና ጩኸቱ ሰልችቷችኋል? አካሉ ደህና ከሆነ መጣል አያስፈልግም። ሞተሩን አውጥቶ በባትሪ ማብረር ይቻላል። ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ ሞተር ይገዛል፣ ከዚያ አውሮፕላኑን ለሞተሩ ለማስማማት ሲታገል ይከርማል። ሥራው መጀመር ያለበት ከሚዛን ነው።

አሮጌውን ሞተር፣ ጭስ ማውጫውን፣ ታንኩን፣ የስሮትሉን (የጉልበት መጨመሪያውን) ሰርቮ፣ ማለትም የሚያንቀሳቅሰውን ትንሽ ሞተር፣ እንዲሁም የሪሲቨሩን (የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለውን) ባትሪ አውጡና አንድ ላይ መዝኗቸው። ባዶውን አውሮፕላንም ለብቻው መዝኑ። ሁለቱንም ቁጥር ጻፉ። ያወጣችሁት ክብደት የአዲሱ ሞተር፣ ባትሪና የፍጥነት መቆጣጠሪያ ጣሪያ ነው። ከሱ ብዙ ካላለፋችሁ አውሮፕላኑ እንደ ድሮው ይበራል።

ኃይሉን የምታሰሉት ከጠቅላላ ክብደቱ ነው። ለመለማመጃ አውሮፕላን በኪሎ ከ200 እስከ 250 ዋት ይበቃል። በአየር ላይ መገለባበጥ ለሚወድ 300ና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። 6.5 ሲሲ ሞተር የነበረው የተለመደ መለማመጃ ባትሪው ገብቶበት 2.4 ኪሎ መዘነ እንበል። በ250 ስታባዙት 600 ዋት ነው። ባለ አራት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ጭነት ሲበዛበት በየሴሉ ወደ 3.5 ቮልት ስለሚወርድ በጠቅላላው 14 ቮልት ያህል ይሰጣል። 600ን ለ14 ስታካፍሉ 43 አምፔር ገደማ ይመጣል። ስለዚህ የፍጥነት መቆጣጠሪያው 60 አምፔር የሚችል ይሁን። 45 የሚለው በወረቀት ላይ ይበቃል፣ አየር ላይ ግን ልብ አያሳርፍም።

ሞተሩ ብረሽለስ (ብሩሽ የሌለው) ይሁን። እላዩ ላይ የሚጻፈው ኬቪ የሚባለው ቁጥር ያለ ጭነት በአንድ ቮልት ስንት ዙር በደቂቃ እንደሚዞር ነው የሚናገረው። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ሞተሩ ጠንካራ ነው ማለት አይደለም። ከፍተኛ ኬቪ ለትንሽ ፕሮፔለር፣ ዝቅተኛው ለትልቅ ነው። ለምሳሌያችን ከ700 እስከ 850 ያለው ጥሩ ነው። ፕሮፔለሩ ለኤሌክትሪክ የተሠራ ይሁን፣ መጀመሪያ 12 በ6 (ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ኢንች፣ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው 6 ኢንች) ሞክሩ።

አሁን ሰው የሚዘለው ሥራ መጣ፤ ዘይቱን ማጽዳት። የነዳጁ ዘይት፣ በተለይ የጉሎ ዘይት ከነበረበት፣ ሞተሩ የታሰረበት የፊት ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ዘይት በጠጣ እንጨት ላይ ደግሞ ማጣበቂያ አይዝም። ዛሬ የያዘ ይመስላል፣ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ይላቀቃል። አልኮል የነካ ሶፍት እንጨቱ ላይ ተጭናችሁ ያዙ። ሶፍቱ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ገና ነው። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ እየቀያየራችሁ ድገሙት፣ በደንብ አድርቁት፣ ከዚያ ቀጭን ኢፖክሲ ቀቡት። አየር ባለበት ቦታ፣ ከእሳት ርቃችሁ ሥሩ።

የኤሌክትሪክ ሞተር ከነዳጁ ስለሚያጥር ፕሮፔለሩ ወደ ኋላ ይገባል። የድሮውን ርቀት ከግድግዳው እስከ ፕሮፔለሩ ለኩና ልዩነቱን በብረት ዘንጎች ወይም ከፕላይውድ በተሠራ ሳጥን ሙሉት። የድሮው ሞተር ትንሽ ወደ ታችና ወደ ቀኝ ያዘነበለ ከነበረ ያ ማዘንበል ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፣ እንዳለ ጠብቁት።

ለባትሪው በር ለመክፈት መጋዝ ከማንሳታችሁ በፊት ሁሉንም ነገር በፕላስተር አስሩና ክንፉን ግጠሙ። አምራቹ በሰጠው የሚዛን ነጥብ ላይ በሁለት ጣት አንሱት። ነጥቡ በአብዛኛው ከክንፉ ፊት ጠርዝ ተነስቶ ከክንፉ ስፋት ሩብ እስከ ሲሶ ባለው ላይ ነው። ባትሪውን ወደፊትና ወደኋላ እየገፋችሁ ሚዛኑ የሚመጣበትን ቦታ ፈልጉ፣ አግኝታችሁ ምልክት አድርጉ። በሩ የሚከፈተው እዚያ ነው። ስትቆርጡ በአካሉ ርዝመት የሚሄዱትን እንጨቶች አትንኩ፣ ጥንካሬው ያለው እነሱ ላይ ነው። ባትሪውን በቬልክሮ ብቻ አትመኑት፣ በማሰሪያም እሰሩት። ከፊት ቀዝቃዛ አየር የሚገባበት፣ ከኋላ ደግሞ የሱን እጥፍ የሚያህል መውጫ ያስፈልጋል። መውጫ ከሌለ አየሩ ስለማይንቀሳቀስ ባትሪውም መቆጣጠሪያውም ይግላሉ።

ሽቦው ካጠረ ማስረዘም ያለባችሁ በሞተሩና በመቆጣጠሪያው መካከል ያሉትን ሦስቱን ነው። የባትሪው በኩል ሲረዝም መቆጣጠሪያውን ይጎዳል። ሞተሩ በተቃራኒ ከዞረ ከሦስቱ ሁለቱን አቀያይሩ፣ በቃ።

ይህን ሁሉ ስትሞክሩ ፕሮፔለሩ ይውለቅ። የነዳጅ ሞተር ካላስነሳችሁት አይነሳም፣ ጣት ሲነካው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። የኤሌክትሪኩ ግን ባትሪው እንደተሰካ ዝግጁ ነው፣ ሲያዝ ጭራሽ ጉልበት ይጨምራል። ሁልጊዜ ሪሞቱ ይቀድማል፣ ስሮትሉ ታች መሆኑ ይታያል፣ ባትሪው በመጨረሻ ይሰካል። ሲነቀል ባትሪው ይቀድማል።

ከመብረር በፊት ዋት መለኪያ በባትሪውና በመቆጣጠሪያው መካከል አስገቡ። ፕሮፔለሩን ግጠሙ፣ አውሮፕላኑን ከኋላ በደንብ አስይዙ፣ ለጥቂት ሰከንድ ሙሉ ስሮትል ስጡ። ዋቱ ካነሰ ወደ 13 በ6.5 ሂዱ፣ ግን መልሳችሁ ለኩ። ከ12 ወደ 13 ኢንች ስትሄዱ በተመሳሳይ ዙር የሚፈለገው ኃይል ከሲሶ በላይ ስለሚጨምር አምፔሩ ሳታስቡት ከሞተሩ ወይም ከመቆጣጠሪያው አቅም ሊያልፍ ይችላል።

ባትሪው በሊፖ ቻርጀር፣ ሴሎቹ እኩል እየሆኑ፣ ሰው ባለበት ይሞላ። ያበጠ ባትሪ አይበርም። ለብዙ ቀን የማትጠቀሙበት ከሆነ በሴል 3.8 ቮልት ላይ አስቀምጡት።

ለመጀመሪያው በረራ ሰዓቱን አምስት ደቂቃ ላይ ሙሉና ሲጮህ አሳርፉ። ባትሪውን ስትሞሉ ቻርጀሩ ስንት ሚሊአምፔር ሰዓት እንደመለሰ እዩ። ባትሪው ባለ 4000 ሚሊአምፔር ሰዓት ሆኖ 2400 ከመለሰ በደቂቃ 480 በልቷል ማለት ነው። ከባትሪው 80 በመቶውን፣ ማለትም 3200ውን ብቻ ስለምትጠቀሙ ቀጣዩን በረራ ስድስት ደቂቃ ተኩል ማድረግ ትችላላችሁ።