የተጠቃሚ መግቢያ ያለው ድረ ገጽ እንዴት እንደሚሠራ

ጥር 11 ሲቃረብ ወደ ጎንደር ለጥምቀት የሚመጡ እንግዶች ክፍል የሚይዙበትን ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው፣ የእያንዳንዱን ደንበኛ አካውንት የሚጠብቅ መግቢያ ያስፈልገዋል። ይህን ከባዶ መጻፍ ፈጽሞ አልመክርም፤ ዝግጁ የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፎች የሆኑት ጃንጎም ሆነ ላራቬል በብዙዎች የተፈተሸ የመግቢያ ሥርዓት አላቸው።

መለያው ስልክ ቁጥር ቢሆን ይሻላል፤ ኢሜይሉን የማይከፍት ሰው እንኳ ቁጥሩን ያውቃል። ሆኖም አንዱ በ09 ወይም በ07፣ ሌላው በ+251 ጀምሮ ስለሚጽፍ፣ ቁጥሩ ዳታቤዝ ከመግባቱ በፊት ወደ አንድ መልክ ይለወጥ። ካልተለወጠ አንድ ደንበኛ ሁለት አካውንት ከፍቶ የያዘውን ክፍል ያጣዋል።

ጥንቃቄ የሚሻው የይለፍ ቃሉ አቀማመጥ ነው። የይለፍ ቃል እንደተጻፈ አይቀመጥም፤ ተመልሶ ወደማይፈታ ሃሽ (ከይለፍ ቃሉ የሚሰላ ኮድ) ይለወጣል። ላራቬል በነባሪነት የሚጠቀምበት ቢክሪፕት የተባለ የሃሽ ስልት ግን ከ72 ባይት በላይ አያነብም። በላቲን ፊደል ይህ 72 ሆሄ ስለሆነ ብዙም አያስቸግርም፤ ዩቲኤፍ 8 በተባለው የጽሑፍ ማስቀመጫ ስልት አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ግን ወሰኑ 24 ፊደል ላይ ያበቃል። «ከጥምቀት ማግስት ወደ ፋሲል ግቢ የምንሄደው ጠዋት ነው» የሚለውን የይለፍ ቃል ያስመዘገበ ሰው፣ መጨረሻው «ማታ ነው» ተብሎ ቢጻፍም አካውንቱ ይከፈታል፤ «የምንሄደው» ከሚለው በኋላ ያለው ክፍት ቦታ 72ኛው ባይት ነውና። ረጅም የይለፍ ቃል በገዛ ቋንቋው የመረጠ ሰው ጥበቃው ሊቀነስበት አይገባም።

ስለዚህ በ2015 እ.ኤ.አ. የይለፍ ቃል ሃሽ ውድድርን ያሸነፈውን አርጎን 2ን፣ በተለይም አርጎን 2አይዲ የተባለውን ዓይነት ይምረጡ። የጃንጎ ነባሪ የሃሽ ስልት ፒቢኬዲኤፍ 2ም ይህ ወሰን የለበትም። በተጨማሪም ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ስለሆኑ፣ ተጠቃሚው የጻፈውን የሚያይበት ቁልፍ ይጨምሩ።

ሰው በገባ ቁጥር የሴሽኑ (ከመግባት እስከ መውጣት ያለው ቆይታ) መለያ ይታደስ፤ መለያውን በአሳሹ ውስጥ የሚይዘው ኩኪ ኤችቲቲፒኦንሊ (በገጹ ያለ ጃቫስክሪፕት የማያነበው) እና ሴኪዩር (በተመሰጠረ ግንኙነት ብቻ የሚላክ) ይሁን። ተደጋጋሚ የተሳሳተ ሙከራ ይገደብ። መልእክቱም «ስልክ ቁጥሩ ወይም የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም» ከማለት ያለፈ አይናገር። የይለፍ ቃል መቀየሪያው ሊንክ አንዴ ብቻ የሚሠራና ቶሎ የሚያበቃ ይሁን።

ድረ ገጹን ለደንበኛ ከመክፈትዎ በፊት ከላይ ያለውን ዐረፍተ ነገር በ«ጠዋት» አስመዝግበው በ«ማታ» ለመግባት ይሞክሩ፤ ካስገባዎት ሃሹ ገና አልተስተካከለም።