ፎርክ ከተቀየረ በኋላ ዳገት ላይ የሚዋልል መሪ

ከሌላ ማውንቴን ሳይክል የተፈታ 120 ሚሊሜትር የሚታመቅ ፎርክ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) ለ100 በተሠራ ፍሬም ላይ ሲገጠም፣ ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ ሽቅብ ሲነዳ የፊት ጎማው ይቀላል፣ መሪውም ይዋልላል። 20 ሚሊሜትር ሲጨመር የመሪው አንገት በ1 ዲግሪ ገደማ ወደ ኋላ ይጋደማልና። ለቁልቁለቱ እንኳ ይመቻል።

የፎርኩን አየር ጨርሼ አስወጥቼ (ይህ ሳይደረግ ፎርክ መፍታት አደገኛ ነው) ውስጡ ባለው የአየር ዘንግ ላይ መታመቂያውን ወደ 100 የሚመልስ የ20 ሚሊሜትር ማሳጠሪያ አስገባሁ፤ ይህን የማይቀበል ፎርክም አለ። ከዚያ ሲቀመጡበት ከ20 እስከ 25 ሚሊሜትር እንዲወርድ አየሩን ሞላሁ።

የታችኛው ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቀለበት ከአሮጌው ፎርክ ወጥቶ በሚገጠመው ላይ መግባቱ አይዘንጋ። ስታጠብቁ መጀመሪያ የመሪው አንገት አናት ላይ ያለውን ብሎን፣ ቀጥሎ የመሪ መያዣውን የጎን ብሎኖች። የፊት ፍሬን ይዛችሁ ስትወዘውዙት ከተንቋቋ ገና አልጠበቀም።