ቪዛው ሳይታተም ሶፋው አይሸጥ

ሶፋዬን የሸጥኩት ለአሜሪካ ቪዛ ኢንተርቪው ከመሄዴ ሁለት ሳምንት በፊት ነው። የ2015 ክረምት ነበር። ገዢው ደሴ፣ ሆጤ ካለው ቤቴ ድረስ አይሱዙ ይዞ መጣ፣ ሦስት ጎረምሳ አሸክሞ ወሰደው። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ቡና አፈላሁ። ከዚያ አዲስ አበባ ሄጄ "ተጨማሪ ማስረጃ ያስፈልጋል" የሚል ወረቀት ይዤ ተመለስኩ። አምስት ወር ጠበቅኩ። ሰው ሊሰናበተኝ ሲመጣ የሚቀመጥበት የለም። ቢቸግረኝ ከቅሬያችን (እኛ ወሎዎች እድርን ቅሬ እንላለን) አግዳሚ ወንበር ተዋስኩ። ያኔ ሳሎኑ ለቅሶ ቤት መሰለ። አንዷ ጎረቤቴማ ከበሩ ላይ ቆማ "ማን ሞተ?" ብላ ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

የአሜሪካ ኤምባሲ ራሱ ቪዛ እጃችሁ ሳይገባ ንብረት አትሽጡ፣ ሥራ አትልቀቁ ብሎ ያስጠነቅቃል። ሃያ ዓመት ልጆችን "ጥያቄውን በደንብ አንብቡ" እያልኩ ያስተማርኩ ሰው አላነበብኩትም።

አሁን ሚኒሶታ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። (ደሴን ብርዳም ነች እል ነበር። አፌን ይዣለሁ።) ከአገር ቤት ሊወጣ የተዘጋጀ ዘመድ ሁሉ ደውሎ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። ቤቱን ልሽጠው? ዕቃውንስ ምን ላድርገው? መልሴ ይኸው፦ በቤቱ አትቸኩሉ፣ ዕቃውን ግን ቁረጡለት። ብዙው ሰው የሚያደርገው ተገላቢጦሹን ነው። ቤቱን በሁለት ሳምንት ያጣድፍና ድስቱን ለአሥር ዓመት ይቆልፍበታል።

ከቤቱ ልጀምር። የግድ ካልሆነባችሁ በስተቀር የመጀመሪያውን ዓመት አትሽጡ። ደላላው የበረራችሁን ቀን ከእናንተ ቀድሞ ያውቃል። ገዢው ደግሞ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሐሙስ እንደምትሄዱ ካወቀ ማክሰኞ ማታ መጥቶ ግማሹን ይጠራላችኋል። ደግሞስ የምትሄዱበት አገር ይስማማችሁ አይስማማችሁ ገና መቼ ታወቀ? እዚህ ደርሰው በስድስት ወር የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። ቤት ያለው ቤቱ ገባ። የሸጠው እህቱ ጋ ደባል ሆነ።

መሸጥ ትክክል የሚሆንበት ጊዜም አለ። ቤቱ የውርስ ሆኖ ወንድምና እህት ገና ያልተካፈሉት ከሆነ፣ ተካፍላችሁ ጨርሳችሁ ሂዱ። ውዝግቡ በስልክ አይፈታም። ኪራይ የሚሰበስብ፣ ቆርቆሮ የሚያስመታ አንድ የሚታመን ሰው ከሌላችሁም ሽጡት። የጋራ ቤት ከሆነ ባልም ሚስትም መስማማት አለባቸው። አንደኛው ቀድሞ ውጭ ከሄደ ውክልናው ቀደም ብሎ ይምጣ።

ቆልፎ መሄድ ግን የሁሉም ክፉ ነው። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በር ላይ ይቆማል። የእኔ ቤት ጭቃ ነው፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። አሸንዳው በቅጠል ሲደፈን ውሃው ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ሰው ካለበት በዚያው ቀን መሰላል ተዘርግቶ ይጠረጋል። ሰው ከሌለበት መስከረም ላይ የምታገኙት የተላጠ ግድግዳ ነው።

ስለዚህ አከራዩት። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የቤት ኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። በእናንተ ከተማ እንዴት እንደሚሠራበትና የት እንደሚመዘገብ ከመፈረማችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ። ተከራዩ ዘመድ ቢሆንም ወረቀት ይጻፍ። በተለይ ዘመድ ከሆነ ይጻፍ! "ኧረ በእኛ መሃል ምን ወረቀት ያስፈልጋል" የሚል ዘመድ ካለ ያኔውኑ ጠርጥሩት። ብሩን ብትቀንሱለት ግዴለም፣ በነፃ ቢኖርም ግዴለም፣ ግን በነፃ እንደሚኖር ይጻፍ።

ውክልና ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ጠቅላላ ውክልና ማስተዳደር ነው የሚያስችለው። ኪራይ መሰብሰብ፣ ማሳደስ፣ ዕዳ መክፈል፣ እስከ ሦስት ዓመት ማከራየት። ቤት ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ ይህንኑ የሚል ልዩ ሥልጣን መሰጠት አለበት። ውልና ማስረጃ ስትሄዱ ጸሐፊው በር ላይ "መሸጥ መለወጡንም ልጨምርልሽ?" ይላል። ለሁሉም ሰው የሚጽፈው ያንኑ ነው። እኔ አትጨምር አልኩት። ለታናሽ እህቴ የሰጠኋት የማስተዳደሩን ብቻ ነው። ተቀይማ ነበር፣ አሁን ግን ታመሰግነኛለች። "ሽጪልኝ" ብሎ የሚያስቸግራት ደላላ ሲመጣ "ሥልጣኑ የለኝም" ትላለችና። አንድ ቀን መሸጥ ካማረኝ እዚህ አሜሪካ ካለው ኤምባሲያችን ልዩ ውክልና ልኬ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ተረጋግጦ ደሴ ይደርሳል። መንገዱ ረጅም ነው። ይርዘም።

ዋናውን ካርታ ደግሞ ለወኪላችሁ አትስጡ። ውክልናው እህት ጋ ከሆነ ካርታው ወንድም ጋ ይቀመጥ። ፎቶ አንስታችሁ በኢሜይል ለራሳችሁ ላኩት፤ የግብሩን ደረሰኝና የመብራትና ውሃ ቢሉንም ጨምሩ። እኔ ስለ ወረቀት የገባኝ በ2014 ጥቅምት ነው። ጦርነቱ ሲደርስ ደሴን ለቀን ስንወጣ ካርታውን፣ የልጆቹን ሰርተፍኬትና አንድ ጋቢ ይዤ ነበር። ስንመለስ ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም የለም። ያ የሸጥኩት ሶፋ ራሱ ከዚያ በኋላ የተገዛ ነው።

እንዲህ ያየሁ ሰው ዕቃ ላይ ልቤ ይጠነክራል ብላችሁ ይሆናል። አልጠነከረም። ሁለቱን ክፍል አከራይቼ ጓዳውን ቆለፍኩት። ቡፌው፣ ሁለት ፍራሽ፣ ብርድ ልብሶች፣ የእናቴ ስፌት ማሽን፣ ሦስት ካርቶን ብርጭቆ። "ስመለስ" ብዬ። ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ እህቴን በቪዲዮ አስከፈትኳት። ፍራሹ ሻግቷል። አይጥ ብርድ ልብሱን ቦጫጭቃ ወልዳበታለች። የቡፌው በር አብጦ አልከፈት አለ። እህቴ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ "አብሽሪ፣ ብርጭቆው ደህና ነው" አለችኝ። ያንን ብርጭቆ መርካቶ ሄዶ መግዛት ይቻላል። ጓዳው ግን ቢከራይ ኖሮ በወር ስንት ያመጣ ነበር!

ስለዚህ ቪዛው ከታተመ በኋላ ትልልቁን ዕቃ ሽጡ። ፍሪጅና ቁም ሳጥን ቀድመው ይውጡ፣ ገዢ የሚያጓጉዝበት ቀን ይፈልጋል። ቴሌግራም ላይ ፎቶውን ከነዋጋው ለጥፉ፣ "በስልክ እንነጋገር" አትበሉ። በዱቤ አትሽጡ። አንዷ ወዳጄ የወሰደችውን የቁም ሳጥን ብር እስከ ዛሬ "ኢንሻ አላህ" እያለችኝ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ይዤ ልሂድ የምትሉ ካላችሁ ተዉት። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፣ የአሜሪካው 120። ትልልቁን ብረት ድስትና ጎላውን ለቅሬው ሰጠሁ። ቅሬው ድግስም ለቅሶም አለበት፣ ሁሌ ድስት ይጎድለዋል።

የእናቴን ሌማት ለጎረቤቴ ሰጠኋት። ጓዳ ብቆልፈው ይበሰብስ ነበር። እሷ በየቀኑ እንጀራ ታቀርብበታለች። ባለፈው ፎቶውን ላከችልኝ፣ ጠርዙን በአዲስ አለላ አሰፍታዋለች። ቀለሙ የእናቴ ምርጫ አይደለም። ምንም አላልኩም።

ሻንጣውን በአጭሩ ልለፈው። አብዛኛው የአሜሪካ መንገደኛ የሚፈቀድለት ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጋቢ፣ የሐበሻ ቀሚስ ያዙ። ቋንጣ አትያዙ፣ ሥጋ ጉምሩክ ላይ ይወሰዳል። የሚበላ ነገር መያዛችሁን ስትጠየቁ አትደብቁ። ጀበናዋን ከሻንጣ አታስገቧት። እኔ በነጠላ ጠቅልዬ እጄ ላይ ይዣት መጣሁ፣ አንገቷ እንኳ አልተነካም።

ቅሬያችሁንም አታቋርጡ። እህት ወይም ጎረቤት በወሩ ትክፈልላችሁ። እናት አባት ያላችሁ በተለይ።

በመጨረሻ የሚወጣው ዕቃ አልጋው ይሁን። ግማሽ ብሩን ተቀብላችሁ "የምሄድ ቀን ውሰደው" በሉት። የእኔ ገዢ ቃሉን አክባሪ ነበር። የአዲስ አበባ አውቶቡስ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሺ ብሎኛል። 9 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። ሰውየው ቁልፍ መፍቻውን ይዞ፣ ካፖርቱን ተከናንቦ ቆሟል። "ተኚ፣ ተኚ እትዬ፣ እስክትነሺ እጠብቃለሁ" አለኝ።