ክብደት ለመቀነስ ከሳህኑ ጀምሩ፣ እግራችሁን ግን አታሳርፉት

ክብደት ልቀንስ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ጂም መመዝገብ ነው። እኔም እንደዚያው። ሦስት ወር ሙሉ በሳምንት አራት ቀን ትሬድሚል ላይ ሮጥኩ፤ ላቤ ጠብ እስኪል ለፋሁ፣ ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም። አሰልጣኙ በመጣሁ ቁጥር "ጨምሪ፣ ገና ነሽ" ይለኛል። ምን እንደምበላ አንድም ቀን አልጠየቀኝም፣ እኔም አላነሳሁበትም። ከጂም ስወጣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ጁስ እጠጣለሁ፤ ቤት ስገባ ርቦኛልና እራቴን ከወትሮው ጨመር አድርጌ እበላለሁ፤ ዛሬ ሠርቻለሁ፣ ይገባኛል እላለሁ። የሦስት ወር ልፋቴ የቀረው እዚያ ብርጭቆና እዚያ ሳህን ላይ ነው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሰው ሲሮጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሚያቃጥለው በክብደቱ ልክ ነው፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በኪሎ ሜትር 70 ካሎሪ ገደማ ያወጣል። 5 ኪሎ ሜትር ከሮጠ 350 ሆነለት። ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢራመድ ደግሞ ከ120 እስከ 150 ቢሆን ነው። አሁን ወደ ወጥ ቤት ኑ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ጣሳ ኮላ 140 ገደማ አለው፤ ውስጡ ያለው ስኳር 35 ግራም፣ ወደ 9 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ጣሳውን ባዶ ለማድረግ ሦስት ደቂቃ ይበቃል፣ እሱን ለማቃጠል ግን ግማሽ ሰዓት መሄድ አለባችሁ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ደግሞ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። በሩጫ ብቻ ላጥፋው ያለ ሰው፣ ምግቡ ላይ ምንም ሳይጨምር፣ 5 ኪሎ ሜትሩን 22 ጊዜ መሮጥ አለበት።

ሌላም ነገር አለ። በቀን ከምናወጣው ጉልበት ብዙውን፣ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን፣ የሚወስደው ተኝተን ብንውል እንኳ ልብን፣ አንጎልን፣ ጉበትንና ኩላሊትን ማሠራት ነው። በፈረንጆቹ 2012 ኸርማን ፖንትዘር የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ታንዛኒያ ውስጥ አድነውና ለቅመው የሚኖሩትን ሃድዛዎች ለክተው ነበር። ሃድዛዎች ቀኑን በእግር ሲጓዙ፣ ሲቆፍሩ፣ ሲሸከሙ ነው የሚውሉት። በቀን የሚያቃጥሉት ካሎሪ ግን የሰውነታቸው መጠን ሲታሰብ በምዕራቡ ዓለም ወንበር ላይ ከሚውለው ሰው እምብዛም የራቀ አልነበረም። ፖንትዘር እንደሚለው እንቅስቃሴ ሲበዛ ሰውነት ሌላ ቦታ ላይ መቆጠብ ይጀምራል። እንግዲህ ሩጫውን እጥፍ ስላደረጋችሁ የሚቀንሰው ኪሎ እጥፍ አይሆንም።

ስለዚህ ከወጥ ቤት ጀምሩ። የመጀመሪያው ሥራ ዘይት ነው። ከጠርሙሱ በቀጥታ ድስት ውስጥ የሚያፈስ ሰው ምን ያህል እንደጨመረ አያውቅም፣ እኔም አላውቅም ነበር። አንድ ቀን እንደ ልማዴ ያፈሰስኩትን መጥበሻ ሳይሆን ስኒ ውስጥ አደረግኩትና በሾርባ ማንኪያ መልሼ ለካሁት። ስድስት ማንኪያ ሆነ! ለእኔና ለእህቴ ለአንድ እራት 720 ካሎሪ፣ በነፍስ ወከፍ 360፤ የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫዬን የሚበላው ገና ሽንኩርቱ ሳይገባ ነበር። አሁን ሁለት ማንኪያ ለክቼ አደርጋለሁ፣ ሽንኩርቱ ሲደርቅብኝ ጠብ ጠብ እያደረግኩ ውሃ እጨምራለሁ፣ ጣዕሙ ላይ ያጣሁት ነገር የለም። እናንተም ዛሬ ለኩት፣ ማንኪያዋን ዘይቱ አጠገብ አስቀምጧት።

ቀጥሎ የሚጠጣው ነገር። ለስላሳ፣ ጁስ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ቡና፣ ቢራም ጭምር። ፈሳሽ ካሎሪ እንደ ምግብ አያጠግብም፤ ጠጥታችሁት ያንኑ ያህል ምግብ ትበላላችሁ። ፍሬውን ብሉት እንጂ አትጭመቁት። በአንድ ጊዜ ማቆም የሚከብደው ሰው ስኳሩን በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሰ ይውረድ፣ ምላስ ይለምዳል።

ከዚያ ለአንድ ሳምንት የምትበሉትን ሁሉ ጻፉ። ልጆች ያስተረፉትን ጉርሻ፣ ምግብ ስትሠሩ የቀመሳችሁትን፣ ቢሮ ያነሳችሁትን ብስኩት፣ ሁሉን። "እኔ እኮ ምንም አልበላም" የሚል ሰው ሁላችንም እናውቃለን፣ የሚዋሽም አይደለም፣ ከልቡ ነው። በፈረንጆቹ 1992 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት በቀን ከ1,200 ካሎሪ በታች እየበላን መቀነስ አልቻልንም ያሉ ሰዎች ተመረመሩ። የበሉትን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ 51 በመቶ አጋንነው ነበር የሚናገሩት። ስልካችሁ ላይ መጻፍ ከከበዳችሁ ሳህኑን ፎቶ አንሱት።

ሳህኑ ላይ ምን ይሁን? ግማሹን አትክልት ሙሉት፤ ሩቡን ፕሮቲን፣ ማለትም እንቁላል፣ ዓሣ፣ ዶሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፤ የቀረውን ሩዝ ወይም ዳቦ ወይም ድንች። ፕሮቲን ቶሎ ያጠግባል፣ ጡንቻም ይጠብቃል። በፋብሪካ ተቀነባብሮ በፓኬት የሚመጣውን ቀንሱ። በፈረንጆቹ 2019 ኬቪን ሆል የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ቡድን 20 ሰዎችን ለሁለት ሳምንት እንዲህ ያለ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ እንደፈለጋችሁ ብሉ ብሎ ሲሰጣቸው በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ። ማንም አላስገደዳቸውም፣ ምግቡ ራሱ ነው የሚያስበላው።

በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ከቀነሳችሁ በጣም ጥሩ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሦስት ኪሎ ቢወርድ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ አትፈንድቁ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሲዘገይም አትደንግጡ። ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ፣ ምንም ሳትቀምሱ ተመዘኑና የሳምንቱን አማካይ ያዙ፤ የወገባችሁንም ዙሪያ በሜትር ለኩ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ በተለይ ኢንሱሊን የምትወጉ፣ ምግብ ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ፣ ስኳራችሁ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች ይህ የእናንተ ጊዜ አይደለም።

እና ስፖርቱስ? አትተዉት፣ እባካችሁ። ሰው ምግብ ብቻ ቀንሶ ሲከሳ ስብ ብቻ አይደለም የሚሄደው፣ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። ይህን የሚከላከለው ክብደት ማንሳት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ስኳት (ቁጭ ብድግ)፣ ፑሽ አፕ፣ ከባድ ነገር መሳብና ማንሳት፤ ወለሉ ላይ ፑሽ አፕ ካቃታችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ ጀምሩ። ለልብ፣ ለደም ግፊት፣ ለእንቅልፍ፣ ለስሜታችሁም ሚዛኑ ምንም ባይል እንኳ ጥቅሙ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2020 መመሪያው ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ በሳምንት አምስት ቀን ብትሄዱ ዝቅተኛውን ሞላችሁ ማለት ነው።

ስፖርቱ ዋና የሚሆነው ግን ከቀነሳችሁ በኋላ ነው። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 1994 የተጀመረ መዝገብ አለ፤ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ከአንድ ዓመት በላይ ሳይመለስባቸው የቆዩ ሰዎች የሚመዘገቡበት። ከእነሱ ውስጥ 90 በመቶ ያህሉ በአማካይ በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ይንቀሳቀሳሉ፣ በብዛት የሚያደርጉትም መራመድ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ ምግብን በስፖርት አትክፈሉ። ትሬድሚሉ ወይም ሰዓታችሁ ላይ የሚታየውን የካሎሪ ቁጥር አትመኑት፣ "400 አቃጠልኩ" ብላችሁም 400 አትብሉበት። ከስፖርት በኋላ ውሃ ጠጡ፣ ምግባችሁን በሰዓቱ ብሉ። ሲት አፕ የሆድ ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ ቦርጭ አያጠፋም፤ ስብ ከየት ቦታ እንደሚቀንስ እኛ አንመርጥም። ላስቲክ ለብሶ ማላብም ውሃ ነው የሚያስወጣው፣ ስትጠጡ ይመለሳል።

ከወራት በኋላ ሚዛኑ ቢቆም መጀመሪያ ዘይቷን እንደገና ለኩ፣ ማንኪያዋን ሳናውቀው እንተዋታለን። ያም ልክ ከሆነ ሰውነታችሁ አንሷል፣ የሚፈልገውም አንሷል፤ ከእራት ላይ ትንሽ ቀንሱ ወይም የሃያ ደቂቃ እርምጃ ጨምሩ። የፈለጋችሁት ኪሎ ላይ ስትደርሱ ደግሞ ምግቡን በአንድ ጊዜ ወደ ድሮው አትመልሱት፤ በየሳምንቱ አንድ ቁራጭ ዳቦ ያህል እየጨመራችሁ የወገባችሁን ሜትር ተመልከቱ፣ ሜትሩ መጨመር ሲጀምር እዚያው ቁሙ።